ያውቁ ኖሯል? ከሳል እስከ ህብለ ሰረሰር

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የዛሬው ዓምድ በተለይ ወደ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ስንቅ ይዘው ለሚመላለሱ ጠያቂዎች የተዘጋጀ ነው።)

ያውቁ ኖሯል? ቲቢ የሳንባ በሽታ ብቻ አይደለም። ሰው በታጨቀበት፣ አየር እንደልብ በማይገባበት ክፍል አንድ የሚያስል ሰው ለብዙዎች ያዳርሰዋል። በዓለም ዙሪያ በእስረኞች ላይ የሚታየው ቲቢ ውጭ ካለው ሕዝብ ብዙ እጥፍ የሚበልጠውም በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ባክቴሪያው በደም ተጉዞ አጥንት ላይ ሲያርፍ፣ ግማሽ ያህሉን ጊዜ የሚያጠቃው አከርካሪን ነው።

የአከርካሪ ቲቢ የአጥንቱን የፊት ክፍል ይበላል። ያ ክፍል ሲፈርስ ጀርባ ወደፊት ይታጠፍና ጉብታ ያወጣል። መግልና የአጥንት ስብርባሪ በአከርካሪው ውስጥ የሚያልፈውን የነርቭ ገመድ፣ ህብለ ሰረሰርን፣ ሲጫነው ደግሞ እግር ይዝላል፤ ካልታከመ ሽባ ያደርጋል። ህብለ ሰረሰር በአዋቂ ሰው 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ውፍረቱ ከትንሿ ጣት አይበልጥም።

የአከርካሪ ቲቢን ሐኪሞች «የፖት በሽታ» ይሉታል። የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በ1779 ጽፎበታል። ሮበርት ኮክ ባክቴሪያውን ማግኘቱን ያስታወቀው ግን በ1882 ነው። ምልክቱ በጥንት ግብፃውያን ሙሚዎች ላይም ታይቷል።

ጠያቂዎች ይህን ልብ ይበሉልኝ። መሬት ላይ የሚተኛ ሰው ወገቤን አመመኝ ቢል ማንም አይደነግጥም፤ በሽታው ተደብቆ የሚቆየውም ለዚህ ነው። ሳል ላይኖር ይችላል። ለሳምንታት እየባሰ የሚሄድ የጀርባ ሕመም፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለ ምርመራ ያስፈልጋል። እግር ከደነዘዘ፣ መራመድ ከከበደ ወይም ሽንት አልወጣ ካለ ግን ነገ ተብሎ አያድርም፤ ድንገተኛ ነው።

ደግሞ ይድናል! በ1960ዎቹና 70ዎቹ የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ካውንስል በኮሪያና በሆንግ ኮንግ ጭምር ባካሄዳቸው ጥናቶች ብዙ ታማሚዎች ወራት አልጋ ላይ ሳይውሉ፣ ጀሶም ሳይደረግላቸው፣ በመድኃኒት ብቻ ድነዋል። ክኒኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 12 ወር ይወሰዳል። ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ህብለ ሰረሰር ሲጨፈለቅ፣ አከርካሪው መቆም ሲያቅተው ወይም ክፉኛ ሲጎብጥ ነው።

ክፉኛ የጎበጠ ጀርባ በአንድ ቀን አይቀናም። ራስ ቅል ላይ ቀለበት በብሎን ይታሰርና ክብደት እየተጨመረ ለሳምንታት ወደላይ ይሳባል፤ ታማሚው ቀለበቱን እንዳደረገ ይቀመጣል፣ ይራመዳል። ቀዶ ጥገናው ከዚያ በኋላ ይመጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ያገለገሉት አሜሪካዊው ዶክተር ሪክ ሆድስ ጀርባቸው የጎበጠ በርካታ ኢትዮጵያውያንን አክራ፣ ጋና ወደሚገኘው የዶክተር ኦሄኔባ ቦአቺ አጄይ ሆስፒታል ልከው አሳክመዋል።

ቲቢ የአንጎል ሽፋን ላይ ሲወጣ የአንጎል ፈሳሽ መውረጃ ሊዘጋ ይችላል። ጤነኛ ሰው በቀን ግማሽ ሊትር ያህል የአንጎል ፈሳሽ ያመነጫል፤ መንገዱ ሲዘጋ ቀዶ ሐኪሞች በቀጭን ቱቦ ወደ ሆድ ያወርዱታል።

እስከ 2006 ድረስ ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለውን ቀዶ ጥገና የሚሠሩ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን የሚያሠለጥን ፕሮግራም አልነበረም። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ጀመረው፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ማሠልጠኛ ሆነ።

ወደ እስር ቤት እንመለስ። በ1962 ኮልፌ ላይ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት ኔልሰን ማንዴላ በ1988 በፖልስሙር እስር ቤት ሳሉ ቲቢ ተገኘባቸው። ታይገርበርግ ሆስፒታል ተወስደው ከደረታቸው 2 ሊትር ያህል ፈሳሽ ተቀዳላቸው፤ ዳኑም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2015 ያጸደቀው የእስረኞች አያያዝ ደንብ በስማቸው ተሰይሟል። ደንብ 24 እስረኛ ውጭ ያለው ሰው የሚያገኘውን ያህል ሕክምና ያግኝ ይላል፤ ደንብ 27 ደግሞ ልዩ ሕክምና ወይም ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው እስረኛ ወደ ልዩ ተቋም ወይም ወደ ሲቪል ሆስፒታል እንዲወሰድ ያዛል። የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 21 እስረኛን የመጎብኘት ዕድል ሊሰጣቸው የሚገቡትን ሲዘረዝር ከትዳር ጓደኛ፣ ከዘመድና ከጠበቃ ጋር ሐኪምን በስም ጠቅሷል።