እናትና ልጅ

ዛሬ የምናወራችሁ ስለ አንድ የህንድ አገር ፊልም ነው። ፊልም በሸራ ላይ ሲንቀሳቀስ የሚታይ ታሪክ ነው። የዚህኛው ስም «አፓራጂቶ» ይባላል፤ ያልተሸነፈው ማለት ነው። ያዘጋጀው ሳትያጂት ራይ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 ታየ። በ1957 ደግሞ በጣልያን አገር፣ በቬኒስ ከተማ፣ የወርቅ አንበሳ ሽልማት አገኘ።

ታሪኩ በ1955 ከወጣ ሌላ ፊልም ይቀጥላል። በመጀመሪያው ፊልም አፑ ትንሽ ልጅ ነው። ወላጆቹ የገጠር ድሆች ናቸው። እህቱ ስትሞት ቤተሰቡ መንደሩን ለቆ ወደ ቤናሬስ ከተማ ይሄዳል።

በሁለተኛው ፊልም አባትዬው በቤናሬስ ይሞታል። እናትዬዋ ልጇን ይዛ ወደ ገጠር ትመለሳለች። አፑ እንደ አባቱ የሃይማኖት አገልጋይ እንዲሆን ታስቦ ነበር። እሱ ግን ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ አየ። እኔም ልማር ብሎ እናቱን ለመናት። እሺ አለችው።

ልጁ ጎበዝ ተማሪ ወጣው። ሲያድግ ካልካታ ሄጄ ልማር አለ። እናቱ መጀመሪያ ተቆጣች፤ በጥፊም መታችው። በኋላ ግን ያጠራቀመችውን ገንዘብ አውጥታ ሰጠችው።

በካልካታ ቀን ይማራል፣ ማታ ማተሚያ ቤት ይሠራል። ለዕረፍት ሲመጣ እናቱ ልታወራው ትፈልጋለች። ብታመም ታሳክመኛለህ ወይ ብላ ትጠይቀዋለች። እሱ ግን እንቅልፍ ወስዶታል። ደግሞ አንድ ቀን ጣቢያ ከደረሰ በኋላ አንጀቱ አልችል አለው። ባቡር አመለጠኝ ብሎ ተመለሰ። አንድ ቀን ጨመረላት።

ከዚያ እናቱ ታመመች። ትምህርቱን እንዳይተው ብላ ሕመሟን ደበቀችው። ተቀምጣ የባቡሩን ድምፅ ትሰማለች። አፑ ወሬው ደርሶት ሲመጣ ሞታለች። አልቅሶ፣ ጓዙን ይዞ፣ ወደ ካልካታ ተመለሰ።

ታዲያ ጥፋተኛው ማነው? እኛ ማንንም አንወቅስም። እኛም ለትምህርት ብለን ከእናቶቻችን የራቅን ነን። ልጅ መሄዱ አይቀርም። የጎደለው ግን ቃል ነው። እናንተ ዛሬ ፊደል አላችሁ። የራቀ ልጅ ያላችሁ ጻፉለት፤ ሕመማችሁንም አትደብቁ።

ተወያዩበት፦
1. እናትዬዋ ሕመሟን መደበቋ ልክ ነበር?
2. እናንተ አፑን ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?