እውነት ወይስ ተረት? «ፕሮሰሰሩ ራሱ ያስተካክለዋል»

«ስለ አላይመንት መጨነቅ ድሮ ቀረ፤ ፕሮሰሰሩ ራሱ ያስተካክለዋል።» በሲ ቋንቋ ኮድ የሚጽፍ ሰው ይህን ሳይሰማ አይቀርም። እርስዎም ሰምተዋል፤ ምናልባትም ለሌላ ነግረዋል። ባለ 4 ባይት ቁጥር ለ4 በሚካፈል አድራሻ፣ ባለ 8 ባይቱ ለ8 በሚካፈል አድራሻ ይቀመጥ የሚለው ሕግ ለአሮጌ ማሽኖች የወጣ ነው ይባላል። ስለዚህ የባይት ፖይንተሩን ወደ ኢንቲጀር ፖይንተር ካስት አድርጎ ማንበብ በቂ ይመስላል። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው፤ ዕድሜውን ያረዘመለትም ይኸው ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሹ ግን ፕሮግራም ይጥላል፣ አንዳንዴም የተሳሳተ ቁጥር ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ያቀብላል።

ከእውነቱ እንጀምር። የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ተራውን የማንበብና የመጻፍ ትእዛዝ ከየትኛውም አድራሻ ይቀበላሉ። ከ486 ጀምሮ የተዛነፈ አድራሻ ሲገጥማቸው እንዲያቆሙ የሚያደርግ ማብሪያ አላቸው፤ በተለምዶ ግን ጠፍቶ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ላፕቶፑ ላይ ሲ የተማረ ሰው ስህተቱን ይሠራል፣ ቅጣቱን ግን አያየውም። ዓመት ሙሉ ያለ እንከን የሠራን ኮድ «ስህተት ነው» ቢሉት ማን ያምናል? ፊት ለፊቱ ያለው ማሽን ታጋሽ ስለሆነበት ሕግ የሌለ ይመስለዋል።

«ፕሮሰሰሩ ከፈቀደ ሌላ ማን ይከለክላል?» ይባላል። የሚከለክለው ቋንቋው ነው። በሲ ስታንዳርድ መሠረት፣ አላይመንቱን ያልጠበቀን አድራሻ ወደ ኢንቲጀር ፖይንተር የቀየረ ሰው ገና ምንም ሳያነብ ከዋስትና ውጭ ወጥቷል። ኮምፓይለሩም ማንኛውም የኢንቲጀር ፖይንተር ለ4 ይካፈላል ብሎ የማመን ሙሉ መብት አለው፤ ኦፕቲማይዝ የሚያደርገውም ይህን አምኖ ነው። ፕሮሰሰሩ የሚያየው ኮምፓይለሩ ያወጣለትን ትእዛዝ ብቻ ነው፤ የእርስዎን ኮድ አያይም።

ይህን ቀረብ ብለን እንይ። ከኔትወርክ የመጣ ፓኬት አለ እንበል። ባለ 4 ባይት ቁጥሮቹን እየደመረ ቼክሰም የሚያወጣ አጭር ሉፕ ተጽፏል፤ ፖይንተሩ በካስት የተገኘ ሲሆን አድራሻው 1002 ነው። ኦፕቲማይዜሽን ጠፍቶ ሲሞከር ይሠራል። ደረጃ 3 ሲበራ ግን ጂሲሲ በአንድ ጊዜ 16 ባይት የሚያነቡትን የኤስኤስኢ ትእዛዞች ያመጣል፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ለ16 የማይካፈል አድራሻን ፈጽሞ አይቀበሉም። ኮምፓይለሩ ይህን ስለሚያውቅ፣ በተለይ በቀድሞ እትሞቹ፣ መጀመሪያ ጥቂት ቁጥሮችን አንድ በአንድ ይደምርና ለ16 የሚካፈል አድራሻ ላይ ሲደርስ ወደ ትልቁ ንባብ ይሻገር ነበር። ከ1004 ቢነሳ ቀጣዩ 1008 ነው፤ ለ16 ይካፈላል፣ ሁሉም ሰላም ነው። ከ1002 ሲነሳ ግን 1006፣ 1010 እያለ 1008ን ይዘለዋል፤ በ4 በ4 እስከ ፈለገው ቢሄድ ለ16 የሚካፈል አድራሻ አያገኝም። ኮምፓይለሩ ግን ደርሻለሁ ብሎ ትልቁን ንባብ ያዝዛል፣ ፕሮግራሙም በሴግመንቴሽን ፎልት ይወድቃል። ሊኑክስ ለዚህ ዓይነቱ ውድቀት የሚያሳውቀው የጥፋት አድራሻ ደግሞ ዜሮ ስለሆነ፣ ፕሮግራመሩ የሌለ ነል ፖይንተር ሲፈልግ ይውላል። መጨረሻ ላይ «ኮምፓይለሩ ባግ አለው» ብሎ ኦፕቲማይዜሽኑን ያጠፋዋል፤ ተረቱም በዚሁ አንድ ዓመት ይጨምራል። ኮምፓይለሩ ግን የተነገረውን ነው ያመነው።

«እኔ ለሌላ ማሽን አልጽፍም» የሚልም አለ። ኮድ ግን ከጸሐፊው ጋር ቁጭ ብሎ አይቀርም። በ1979 የወጣው ሞቶሮላ 68000 ባለ 2 ወይም ባለ 4 ባይት ቁጥርን ከጎደሎ አድራሻ አንብብ ሲባል ወዲያው ያቆም ነበር፤ ስፓርክም በባስ ኤረር ይጥለዋል። ከስድስተኛው ትውልድ በፊት የነበሩት የአርም ፕሮሰሰሮች ከዚህም የከፋ ነገር ያደርጉ ነበር። ሜሞሪ ላይ 11፣ 22፣ 33፣ 44፣ 55 የሚሉ ባይቶች ተደርድረው ከሁለተኛው ጀምሮ ባለ 4 ባይት ቁጥር ቢጠየቅ፣ 22፣ 33፣ 44፣ 55 ይመጣል ብለው ሲጠብቁ 22፣ 33፣ 44፣ 11 ይሰጣሉ። ክራሽ የለም፣ መልእክት የለም፤ የተበላሸ ቁጥር ብቻ። ይህ ታሪክ ነው ብለው አይለፉት። በ2021 የወጣው ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ የያዘው ኮርቴክስ ኤም0 ፕላስ የተዛነፈ ንባብ ሲገጥመው ሃርድ ፎልት ውስጥ ይገባል፤ በተማሪዎች ፕሮጀክት የሚታወቀው ኢኤስፒ8266ም ኤክሴፕሽን 9 ብሎ ይቆማል። ላፕቶፕ ላይ ተሞክሮ ያለፈ ኮድ ሰሌዳው ላይ ሲጫን የሚሞተው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

«ስትራክቱን ፓክድ ካልኩት ተገላገልኩ» የሚለው ደግሞ ከኔትወርክ ሥራ የመጣ ነው፤ መነሻውም ተገቢ ነው። የኢተርኔት ሄደር 14 ባይት ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው አይፒ ሄደር የላኪውን አድራሻ 12ኛው ባይት ላይ ይይዛል። ሁለቱ ሲደመሩ 26 ይሆናሉ፤ 26 ደግሞ ለ4 አይካፈልም። የሊኑክስ ከርነል ይህን ስለሚያውቅ በብዙ ማሽኖች ላይ ከፓኬቱ በፊት 2 ባይት ባዶ ይተዋል፤ 26ቱ 28 ይሆንና ይካፈላል። ፓክድም ይሠራል፣ ግን አባሉን በስትራክቱ በኩል እስከጠሩት ድረስ ብቻ ነው፤ ያኔ ኮምፓይለሩ መዛነፉን ስለሚያውቅ ተጠንቅቆ ያነባል። የአባሉን አድራሻ ወስደው በተራ ፖይንተር ለሌላ ፈንክሽን ሲያቀብሉ ያ እውቀት ይጠፋል። ጂሲሲ ከ2019ኙ እትም 9 ጀምሮ እንዲህ ሲደረግ ሳይጠየቅ ያስጠነቅቃል፤ ረስት ደግሞ የተዛነፈ አባል ላይ ሪፈረንስ መውሰድን ጭራሽ ኮምፓይል አያደርግም። ዓላማዎ ሜሞሪ መቆጠብ ከሆነ የተሻለ መንገድ አለ፦ ካር፣ ኢንት፣ ካር ተብሎ የተጻፈ ስትራክት በተለመዱት ማሽኖች 12 ባይት ይይዛል፤ ኢንቱን ከፊት ቢያስቀድሙት 8 ይሆናል። አንድ መስመር ማዘዋወር ነው።

«ቢበዛ ትንሽ ፍጥነት ቢቀንስ ነው» ይባላል። ለተራ ንባብ በዛሬዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ ይህ በአብዛኛው ልክ ነው፤ ንባቡ አንድ ባለ 64 ባይት የካሽ መስመር ውስጥ እስካለ ድረስ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም። ብዙ ትሬድ ሲኖር ግን ነገሩ ይለወጣል። ሁለት የካሽ መስመሮችን የረገጠ ጽሑፍ በአንድ ቅጽበት ለመፈጸሙ ዋስትና የለም፤ ሌላው ትሬድ ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ የሆነ ቁጥር ሊያይ ይችላል። አቶሚክ ትእዛዝ መስመር ሲያቋርጥ ደግሞ ፕሮሰሰሩ የሜሞሪውን ባስ ይቆልፋል፤ በማሽኑ ላይ ያሉት ኮሮች ሁሉ ይጠብቃሉ። ሊኑክስ በ2020 ከወጣው 5.7 ጀምሮ ይህን የሚያደርግ ፕሮግራምን፣ ፕሮሰሰሩ ከቻለ፣ እያደነ የሚያጋልጠው ጉዳቱ ጎረቤቱን ሁሉ ስለሚነካ ነው።

ሰው መፍትሔውን እያወቀ የሚሸሸው «ሜምኮፒ ይዘገያል» በሚለው ሌላ ተረት ምክንያት ነው። ፈንክሽን ተጠርቶ፣ ሉፕ ዞሮ 4 ባይት መቅዳት ብክነት ይመስላል። እውነቱ ግን ኮምፓይለሩ ሜምኮፒን ያውቀዋል። መጠኑ ቋሚ 4 ሲሆንና ኦፕቲማይዜሽን ሲበራ፣ በኢንቴል ላይ ጥሪውም ሉፑም ጠፍተው አንድ የንባብ ትእዛዝ ብቻ ይቀራል፤ በካስት ከሚያገኙት ጋር አንድ ነው። እንደ ኮርቴክስ ኤም0 ባሉ ማሽኖች ላይ ደግሞ ባይት በባይት እየለቀመ በትክክል ያነባል። ለፍጥነቱ ምንም አልከፈሉም፣ ትክክለኛነቱን ግን አገኙ። ሁለት ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ ለሜምኮፒ የሚሰጡት ፖይንተር የባይት ፖይንተር ሆኖ ይቆይ፤ መጀመሪያ ወደ ኢንቲጀር ካስት ካደረጉት ጥፋቱ ተፈጽሟል። ሁለተኛ፣ ሜምኮፒ የባይት ቅደም ተከተልን አያስተካክልም፤ ከኔትወርክ የመጣን ቁጥር መገልበጥ አሁንም የእርስዎ ሥራ ነው።

«ቡፈሩን 64 ባይት ካደረግኩት በራሱ ይሰለፋል» የሚለውም አይሠራም፤ መጠንና መነሻ አድራሻ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የካር አሬይ ከየትኛውም አድራሻ ሊጀምር ይችላል። ማሎክ የሚሰጠው ቦታ ለተለመዱት ዓይነቶች ሁሉ ይበቃል፤ ባለ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ ለ16 ይካፈላል። ከዚያ በላይ ሲያስፈልግ ሲ11 ያመጣቸው አላይንአስ እና አላይንድ አሎክ አሉ፤ የፈለጉትን ቁጥር ይንገሯቸው።

ተረቱ የሚጸናው ስህተቱ ስለማይታይ ከሆነ፣ የሚፈርሰውም እንዲታይ በማድረግ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ። ጂሲሲም ክላንግም አንዲፋይንድ ቢሄቪየር ሳኒታይዘር አላቸው። እሱን አብርተው ኮምፓይል ካደረጉና ፈተናዎችዎን ካስኬዱ፣ በተዛነፈ አድራሻ የተነበበውን እያንዳንዱን ቦታ ከነፋይሉና ከነመስመር ቁጥሩ ይነግርዎታል፤ ያውም እዚያው ታጋሹ ላፕቶፕ ላይ። ዛሬ ማታ አንድ የቆየ ፕሮጀክት ከፍተው ይሞክሩት። በወጣው መስመር ሁሉ ላይ ካስቱን አንስተው ሜምኮፒ ይተኩ፤ አብዛኛው ማስተካከያ ከሁለት መስመር አይበልጥም። ከዚያ በኋላ ኮድዎ የትኛውም ማሽን ላይ ቢጫን፣ በየትኛውም የኦፕቲማይዜሽን ደረጃ ቢሠራ፣ በዚህ በኩል የሚያሳፍርዎት ነገር አይኖርም።