አውጫጭኝ፦ አገር ሙሉ መርማሪ

በገድለ ላሊበላ ውስጥ አንድ የመርዝ ታሪክ አለ። ለላሊበላ እኅቱ መርዝ የገባበት መጠጥ ታቀርብለታለች፤ አስቀድሞ የቀመሰው ዲያቆን ይሞታል። ገድሉ ግን መራዡን ፍለጋ አይሄድም፤ አንባቢው ገና ከመነሻው ያውቃታልና። በላስታ ገደላገደል ውስጥ ሬሳ ተገኝቶ ገዳዩ ያልታወቀ እንደሆነስ? ፖሊስ በሌለበት ዘመን የደጋው ሰው ለዚህ መልስ ነበረው፤ አውጫጭኝ። በሸዋና በደቡብ አፈርሳታ ይሉታል።

ሥራው እንዲህ ነበር። የአካባቢው ሹም ቀን ይቆርጣል፤ ባላገሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ይወጣል። የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች ተመርጠው ፈንጠር ብለው ይቀመጡና ሰው በየተራ እየተጠራ፣ እየማለ፣ ያየውንም የሰማውንም ለእነሱ ብቻ ይነግራል። ሽማግሌዎቹ ወደ ጉባኤው ሲመለሱ የነገራቸውን ሰው ስም አያነሡም፤ ነጋሪው «ወፍ» ነው። ቃሉ ይወጣል፣ አፉ ይሰወራል።

እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። ደም በሚመለስበት አገር መስካሪ መሆን ሞትን መጥራት ነው፤ የሟች ወገን ገዳዩን እንደሚፈልግ ሁሉ የገዳይ ወገንም አፉን የከፈተውን ይፈልጋል። ሁሉም ሰው ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሲገባ ግን ማን እንደተናገረ መለየት አይቻልም። ምንም ያላየው አዛውንት መግባቱ ያየውን ልጅ ይሸፍነዋል። የቀረ የሚቀጣበት አንዱ ምክንያት እዚህ ላይ ይታየኛል።

ገዳዩ ካልታወቀስ? ዕዳው ለአገሬው ይተርፋል፤ የደሙን ዋጋ አዋጥቶ ይከፍላል። ስለዚህ ጉባኤው በቶሎ አይበተንም። አዝመራው እየጠበቀ፣ ፀሐይ አናት እየመታ፣ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ከባድ ጉድለትም ነበረው፤ ቂመኛ ጠላቱን በወፍ ስም ሊያስይዝ ይችል ነበር። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ምርመራን የፖሊስ ሥራ ሲያደርግ ሥልቱ ከመንግሥት ሕግ ውጭ ቀረ። (ከሌባ ሻይ ጋር መምታታት የለበትም፤ ሌባ ሻይ ልጅን መድኃኒት አጠጥተው ወንጀለኛ ቤት እንዲመራቸው የሚለቁበት ነበር። እዚያ የሚታመነው መድኃኒቱ ነው፤ እዚህ የጎረቤት ዓይን።)

ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ የጻፈው «አፈርሳታ» የተባለ ልብ ወለድ በአንድ ገበሬ ጎጆ መቃጠል ይነሣና ይህንኑ ጉባኤ መድረኩ ያደርጋል። ፊልም ሠሪዎቻችን ግን ይህን ሀብት ገና አልነኩትም ማለት ይቻላል።

ለማነጻጸር ያህል፣ ዉዲ አለን በ1993 እ.ኤ.አ. በሠራው «የማንሃታን የግድያ ምስጢር» በተባለ አስቂኝ ፊልም አንድ ባልና ሚስት ጎረቤታቸው ሚስቱን ገድሏል ብለው ይጠረጥሩና ራሳቸው መርማሪ ይሆናሉ። ሳቁ የሚመጣው ተራ ሰዎች ከማያውቁት ሥራ ውስጥ በመግባታቸው ነው። በብዙ የምርመራ ታሪኮች ደግሞ መርማሪው ተጠርጣሪዎችን አንድ ክፍል የሚሰበስበው በመጨረሻው ሰዓት ነው። አውጫጭኝ ከዚያ ይጀምራል! ተጠርጣሪው፣ ምስክሩ፣ መርማሪው፣ ዕዳ ከፋዩ አንድ ሜዳ ላይ ናቸው፤ አንዱ ሰው ሁሉንም ሊሆንም ይችላል።

ቀልዱም እዚያው ሞልቷል። «ማታ የት አደርክ?» ሲባል ለሽማግሌ እንጂ ለሚስቱ የማይነግረው መልስ ያለው ሰው አለ። ስለ ገዳዩ ሲጠየቅ ወሰኑን ስለገፋበት ጎረቤቱ የሚያወራ አለ። ከሬሳው ይልቅ ካቻምና የጠፋችው በጉ የምታንገበግበው አለ። እንዲህ ያለው ሳቅ ሟቹን አይደፍርም፤ የሚሳቀው በሕያዋኑ ነው።

እንዲህ ያለ ፊልም ላስታ ላይ እንዲቀረጽ እመኛለሁ። ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለው አቡነ ዮሴፍ ከበስተጀርባ ይቆማል፤ ወሬው በቅዳሜ ገበያ ከላሊበላ ይነሣና ጉባኤው ሳይጠራ ቀድሞ ገጠር ይደርሳል። ደራሲው ገዳዩን ያውጣው፤ ወፏን ግን ለተመልካቹም አይግለጥ። ሽማግሌዎቹ ዘንድ የሚገባውን እያንዳንዱን ሰው ካሜራው ከሩቅ ያሳይ፣ ድምፁን አያሰማ።