ካንሰር፣ የሰውነት መከላከያና እኛ፦ ከቢሲጂ እስከ ኢሚውኖቴራፒ

በጨፋ ሮቢት የሚወለድ ሕፃን ክንዱ ላይ የሚወጋው ቢሲጂ ከሳንባ ነቀርሳ እንደሚከላከል ብዙ እናቶች ያውቃሉ። ይኸው ቢሲጂ በሌላ አገር ሆስፒታሎች በቀጭን ቱቦ ወደ ሽንት ፊኛ እየገባ ካንሰር እንደሚታከምበት የሰማ ግን ጥቂት ነው። በካናዳ ይሠራ የነበረው ሐኪም አልቫሮ ሞራሌስ ይህን ውጤት ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ወደ ጡንቻው ዘልቆ ያልገባ የፊኛ ካንሰር ዛሬም በዚሁ መንገድ ይታከማል። ባክቴሪያው የፊኛውን የመከላከያ ሴሎች ይቀሰቅሳል፤ እነሱ ደግሞ ካንሰሩን ያጠቃሉ። ኢሚውኖቴራፒ የሚባለው ሕክምና መሠረቱ ይኸው ነው።

ሐሳቡ ከዚያም ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1891 ኒውዮርክ ውስጥ ዊልያም ኮሊ የሚባል ቀዶ ሐኪም፣ የቆዳ ኢንፌክሽን ከያዘው በኋላ ዕጢው የጠፋለትን በሽተኛ ታሪክ ይዞ ተነሣና በሌሎች ሕሙማን ላይ ባክቴሪያ መውጋት ጀመረ። አንዳንዶቹ ዳኑ። ለምን እንደዳኑ ማስረዳት ስላልተቻለ ግን የጨረር ሕክምና ሲመጣ ሥራው ተረሳ።

መልሱ የተገኘው ቲ-ሴል በሚባሉት የነጭ ደም ሴሎች ላይ ነው። እነዚህ ሴሎች የራሳቸውን አካል እንዳያጠቁ የሚገታቸው ፍሬን አላቸው፤ ካንሰሩም ይህንኑ ፍሬን እየረገጠ ያመልጣል። ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ በ1992 ፒዲ-1 የተባለውን አገኘ፤ አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን በ1996 ሲቲኤልኤ-4 የተባለውን ሲዘጋ የአይጦች ዕጢ እንደሚጠፋ አሳየ። የመጀመሪያው መድኃኒት ኢፒሊሙማብ በ2011 በአሜሪካ ጸደቀ፤ ሁለቱ ሳይንቲስቶች በ2018 የኖቤል ሽልማት ተጋሩ (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ከዚህ በታችም «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንዲሁ)። የቆዳ ካንሰሩ ተሰራጭቶ የሞት ፍርድ የተፈረደባቸው ሰዎች ዓመታት ሲኖሩ ታየ። ይሁንና በብዙዎቹ የካንሰር ዓይነቶች መድኃኒቱ የሚሠራላቸው ከማይሠራላቸው ያንሳሉ።

ተመራማሪው ያሬድ ኃይለሚካኤል ሂውስተን በሚገኘው ኤምዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል የሠራው ምርምር የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ለብዙ ዓመታት የካንሰር ክትባቶች ከዘይት ጋር ተደባልቀው ይሰጡ ነበር፤ ዘይቱ ክትባቱን ቆዳ ሥር ለረጅም ጊዜ ያቆየዋል፣ በቆየ ቁጥርም ይጠቅማል ተብሎ ይታመን ነበር። በደም ውስጥ ካንሰሩን የሚያውቁ ቲ-ሴሎች ሲበዙ ይታያል፤ ዕጢው ግን አይቀንስም። ያሬድና ባልደረቦቹ በ2013 ኔቸር ሜዲስን መጽሔት ላይ ባሳተሙት የአይጥ ጥናት ሴሎቹ የት እንደሚገቡ ተከታተሉ። ወደ ዕጢው ሳይሆን መርፌው ወደተወጋበት ቦታ ይጎርፋሉ፤ የሚፈልጉት ምልክት እዚያ ተትረፍርፎ ስላለ ነው። እዚያው ደክመው እዚያው ይሞታሉ። ከዚህም የከፋው፣ ቀጥሎ ለሚሰጠው ክትባት ሰውነቱ የሚሰጠው ምላሽ ይዳከማል። ቶሎ ከሰውነት የሚጠፋ ቅምር ሲጠቀሙ ግን ሴሎቹ ወደ ዕጢው አመሩ። ከዚህ ዘርፍ ሥራዎች አንድ ምረጥ ብባል ይህን እመርጥ ነበር፤ ብዙ ሙከራዎች ለምን እንደከሸፉ ያስረዳልና።

በ2022 ካንሰር ሴል በተባለው መጽሔት ላይ የወጣው የያሬድ ሥራ ሌላውን ችግር ይዳስሳል። ፍሬኑ ሲፈታ ቲ-ሴሎች አንጀትን፣ መገጣጠሚያን፣ ሌላውንም ጤናማ አካል ያጠቃሉ። ጥናቱ በዚህ ጉዳት ውስጥ ኢንተርሉኪን-6 የተባለው ንጥረ ነገር ትልቅ ድርሻ እንዳለው፣ እሱን መዝጋትም ካንሰሩን የመዋጋት አቅምን ሳይቀንስ ጉዳቱን እንደሚያለዝብ አመለከተ።

ስለ ሰውነት መከላከያ ምላሽ የሚደረግ ምርምር ለአዲስ አበባም አዲስ አይደለም። አለርት ግቢ ያለው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በ1970 ሲቋቋም ዋና ጉዳዩ የሥጋ ደዌ ነበር። ባክቴሪያው አንድ ሆኖ ሳለ የአንዱ ሰውነት ተዋግቶ በጥቂት ቁስል ይወስነዋል፤ የሌላው ግን ባክቴሪያ እስኪሞላ ዝም ይላል። ኖርዌጂያዊው ቶሬ ጎዳልና ባልደረቦቹ በ1971፣ ዝም በሚለው ሕመምተኛ ደም ውስጥ የጎደሉት ይህን ባክቴሪያ ለይተው የሚያውቁት ሊምፎሳይቶች መሆናቸውን አሳዩ። መከላከያው በጠቅላላ አልደከመም፤ ለዚህ ጠላት ብቻ ምላሽ የለውም። የካንሰር ተመራማሪዎች ዛሬ የሚጠይቁት ጥያቄም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ወደ ጨፋ እንመለስ። ቦርከና ወንዝ የሚያቋርጠው የጨፋ ረግረግ አርብቶ አደሩ በበጋ ከብቱን ይዞ የሚሰበሰብበት ነው፤ ከሚሴና አካባቢዋም በአገራችን ከሚታወቁት የብልሃርዝያ ቦታዎች አንዱ ነው። ትል ሰውነት ውስጥ ለዓመታት የሚኖረው የመከላከያ ምላሹን እያለዘበ ነው። ዳንኤል ኤልያስ፣ በየነ ጴጥሮስና ባልደረቦቻቸው በ2001 ባሳተሙት ጥናት የአንጀት ትል ካለባቸው ኢትዮጵያውያን ለከፊሎቹ የትል መድኃኒት ሰጥተው ቢሲጂ ከተቧቸው፤ ትሉ የወጣላቸው ሰዎች ቲ-ሴሎች የተሻለ ምላሽ ሰጡ። ታዲያ በሂውስተንና በፓሪስ ሕሙማን የተፈተነ የካንሰር መድኃኒት፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ትል፣ ወባና የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ሲያስተናግድ በኖረ ሰው ላይ እንዴት ይሠራል? ሙከራዎቹ እኛን ሳያካትቱ መልሱ አይገኝም።

የመድኃኒቶቹ ዋጋም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ፒዲ-1ን የሚዘጋውን ፔምብሮሊዙማብን በ2019 ለቆዳ፣ በ2025 ደግሞ ለተሰራጨ የማኅፀን በር ካንሰር ጭምር በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል፤ በአሜሪካ ግን የአንድ ሰው የዓመት ወጪ ከመቶ ሺህ ዶላር ይበልጣል። ለአብዛኛው የአገራችን ሕመምተኛ ይህ የማይታሰብ ነው። ዋጋው እስኪቀንስ እጃችን ላይ ያለው ርካሹ መንገድ የማኅፀን በር ካንሰርን ገና ሳይጀምር የሚያስቀረው የኤችፒቪ ክትባት ነው። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ጀምራ፣ በ2017 ዓ.ም. ዘመቻ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ መርፌ ብቻ መስጠት ችላለች። ከሚሴም ሆነ ጨፋ ሮቢት፣ በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ ያላችሁ ወላጆች መከተቧን አረጋግጡ፤ ካልተከተበችም ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችኋት ሂዱ።