ጣሪያ ሲያፈስ ከንብረት በፊት ነፍስ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

ዝናብ የአላህ (ሱ.ወ.) ራሕመት ነው። በመዲና ከጁሙዓ እስከ ጁሙዓ ዘንቦ ቤቶች በፈረሱ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዝናቡ በላያቸው ሳይሆን በዙሪያቸው እንዲወርድ ዱዓ ማድረጋቸውን አነስ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። እኛም ዱዓ እናደርጋለን፤ ሰበቡንም እናደርሳለን።

በክረምት ሌሊት ቆርቆሮው ሲያፈስ ብዙዎቻችን ወደ ምንጣፉና ወደ ቁም ሳጥኑ እንሮጣለን። የሚቀድመው ግን ነፍስ ነው። ልጆችን ከክፍሉ እናውጣ። ውሃው ወደ አምፖል ወይም ሶኬት ከተጠጋ፣ ደረቅ ቦታ ቆመን በደረቅ እጅ ቆጣሪውን እናጥፋ። ቆጣሪው ራሱ ከረጠበ አንንካው፤ ባለሙያ እንጥራ።

ኮርኒሱ ውሃ ቋጥሮ ከረገበ ድንገት ሊወድቅ ይችላል። መብራቱ ከጠፋ በኋላ ባልዲ ከሥሩ አድርገን፣ ከጎን ቆመን፣ ረዥም እንጨት ላይ በታሰረ ምስማር ዝቅ ያለውን ቦታ እንብሳው።

እርጥብ ቆርቆሮ ስለሚያንሸራትት በዝናብም ሆነ በጨለማ ጣሪያ ላይ አንውጣ። አባርቶ ሲደርቅ ቀዳዳውን እንፈልግ። ውሃ እንጨቱን ተከትሎ ስለሚወርድ፣ ቀዳዳው ከሚንጠባጠብበት ራቅ ብሎ ወደ ላይ ሊገኝ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም የላላ ወይም ጎማው ያለቀ ምስማር ነው።

የዝናብ ውሃ በመሠረቱ ጦሃራ ነው፤ ነጃሳ እንደነካው እስካላወቅን ድረስ መስገጃው ስለረጠበ ብቻ አይነጀስም።

የጎረቤትን ሐቅም አንርሳ፤ ሲነጋ አቅመ ደካሞች እንዴት እንዳደሩ እንጠይቅ።