የመጀመሪያው የፕሮግራም አጻጻፍ ኮርስ ለምን ይከብዳል? የአንድ የቢቸና ተማሪ ልምድ ሲመረመር

ለጀማሪዎች የሚሰጠው የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ ኮርስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አብዝተው ከሚፈሯቸው ትምህርቶች አንዱ ነው። ፍርሃቱ በአገራችን ብቻ የተወሰነ አይደለም። ዋትሰንና ሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት በ15 አገሮች የተሰጡ 161 ኮርሶችን መርምረው፣ ያለፉት ተማሪዎች በአማካይ 67.7 በመቶ መሆናቸውን ገልጸዋል። ከሦስት ተማሪዎች አንዱ ገደማ አላለፈም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በማክራክን መሪነት የተካሄደው ጥናት ደግሞ በ4 ዩኒቨርሲቲዎች 216 ተማሪዎችን ፕሮግራም አጽፎ፣ ከ110 ነጥብ ያገኙት አማካይ ውጤት 22.89 ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ የተማሪውን ስንፍና ወይም የገጠር ልጅነቱን ምክንያት ማድረግ ነገሩን አያስረዳም።

ከቢቸና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ የገባ አንድ ተማሪ በዚህ ኮርስ ያሳለፈውን ውጣ ውረድ በዝርዝር አጫውቶኛል። በሂሳብ ትምህርት ከክፍሉ ቀዳሚ ነበር። የመጀመሪያው እንቅፋት የሆነበትም ያው የሂሳብ ዕውቀቱ መሆኑ የሚያስገርም ነው። መምህሩ በሰሌዳው ላይ «ሀ = ሀ + 1» የሚል ዓይነት ዐረፍተ ነገር ሲጽፉ፣ ተማሪው ሀን ከሁለቱም ወገን ቀንሶ 0 = 1 አገኘና ነገሩ ሐሰት ነው ብሎ ደመደመ። በአልጀብራ ሕግ ስሕተት አልሠራም። በፕሮግራም ቋንቋ ግን ምልክቱ ትእዛዝ እንጂ የእኩልነት ምስክር አይደለም፤ ሀ በተባለው ሣጥን ውስጥ ያለውን ቁጥር አንሣ፣ 1 ጨምር፣ መልሰህ አስቀምጥ ማለት ነው። ይህን የነገረው ሰው እስኪያገኝ ድረስ ሦስት ሳምንት አለፈ።

ሁለተኛው እንቅፋት የስሕተት መልእክት ነው። ኮርሱ የሚሰጠው ሲ ፕላስ ፕላስ በተባለው ቋንቋ ነበር። በዚህ ቋንቋ በ7ኛው መስመር መጨረሻ ሴሚኮሎን ቢረሳ፣ ኮምፓይለሩ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ በ8ኛው መስመር ላይ እንዳለ አድርጎ ይናገራል፤ ጉድለቱን የሚያስተውለው ቀጣዩን ቃል ካነበበ በኋላ ነውና። አንድ ቅንፍ ሳይዘጋ ቢቀር ደግሞ የመልእክት ጎርፍ ሊያወርድ ይችላል። ተማሪያችን መልእክቶቹን ሁሉ በደብተሩ እየገለበጠ ቃል በቃል በመዝገበ ቃላት ይፈታ፣ ጤነኛውን 8ኛ መስመርም ደጋግሞ ያፈርስ ነበር። ከሁሉ አስቀድሞ የመጀመሪያውን መልእክት ብቻ ማረም፣ ከተጠቆመውም መስመር አንድ ከፍ ብሎ ማየት እንደሚገባ በክፍል አልተነገረውም። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ካደረገ ወዲህ ተማሪው ቋንቋውን ለምዶታል ይባል ይሆናል፤ የኮምፓይለር እንግሊዝኛ ግን የመማሪያ መጽሐፍ እንግሊዝኛ አይደለም።

መፍትሔው የመጣው ካልታሰበ አቅጣጫ ነው። የመኝታ ክፍል ጓደኛው የሞጣ ልጅ ሲሆን፣ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት በቢቸና አቅራቢያ በሚገኘው በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቆጥሯል። በቅኔ ቤት ተማሪው ሁለት ቤት ካለው ጉባዔ ቃና ይጀምርና ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ያልፋል፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ የሚደረስበት ከብዙ ድካም በኋላ ነው። የቆጠረውን በየጊዜው ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ በማግሥቱ እንደገና ይቆጥራል። የሞጣው ልጅ ጓደኛውን ጉባዔ ቃና ሳታውቅ መወድስ ትሞክራለህ ብሎ ገሠጸውና በየቀኑ አምስት መስመር ብቻ በወረቀት እንዲጽፍ አደረገው። ከዚያም እያንዳንዱን መስመር እያነሣ፣ በአማርኛ፣ አሁን በሣጥኑ ውስጥ ስንት አለ? ሲል ይጠይቀዋል። (ንጽጽሩ እስከ መጨረሻው አያስኬድም። ቅኔ በሰምና ወርቅ ይከብራል፤ ኮምፓይለር ግን ሁለት ትርጉም ያለውን ዐረፍተ ነገር አይቀበልም።)

አንድ ምሳሌ እነሆ። ከ1 እስከ 5 ያሉትን ቁጥሮች የሚደምር ፕሮግራም ጽፎ መልሱ 15 መሆን ሲገባው 5 ወጣ። በወረቀት ላይ «ቁጥር» እና «ድምር» የሚሉ ሁለት ዓምዶች አስምረው መስመር በመስመር ሲከታተሉት፣ ድምሩን 0 የሚያደርገው ትእዛዝ ከድግግሞሹ ውስጥ መግባቱን አገኙ። ይህም በቢቸና ገበያ ጤፍ የሚመዝን ነጋዴ አንድ ጆንያ በመዘነ ቁጥር የቀደመውን ሒሳብ ከደብተሩ ቢሰርዝ እንደ ማለት ነው፤ በመጨረሻ የሚቀረው የኋለኛው ጆንያ ክብደት ብቻ ይሆናል። ትእዛዙ ከድግግሞሹ በፊት ሲቀመጥ የድምሩ ዓምድ 0፣ 1፣ 3፣ 6፣ 10፣ 15 እያለ ሄደ። ተማሪው ድግግሞሽ ምን እንደ ሆነ የገባኝ ያን ዕለት ነው ይላል።

ይህ ዘዴ ኮምፒውተርም ኤሌክትሪክም የማይጠይቅ መሆኑን የትምህርት ዕቅድ አዘጋጆች ልብ እንዲሉት እወዳለሁ። የሞጣ ወይም የቢቸና የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መምህር በጠመኔና በሰሌዳ ሊሠራበት ይችላል። ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ የቁልፍ ሰሌዳውን፣ የእንግሊዝኛውን መልእክትና የአስተሳሰቡን ሥርዓት በአንድ ሳምንት እንዲጋፈጥ ከማድረግ፣ ቢያንስ ሦስተኛውን አስቀድሞ በሚያውቀው ቋንቋ ማስያዝ ይቻላል።

ፈተናውም መታየት አለበት። ይህ ተማሪ በተፈተነበት ወረቀት ላይ ጥያቄዎቹ ሁሉ ጻፍ የሚሉ እንጂ አንብበህ ውጤቱን ተናገር የሚሉ አልነበሩም፤ አንድ ቅንፍ በመርሳቱም የሙሉ ጥያቄ ነጥብ አጥቷል። በሊስተር መሪነት እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ጥናት እንዳመለከተው፣ ብዙ ጀማሪዎች አጭር ፕሮግራም አንብበው ውጤቱን መናገር ይሳናቸዋል። መጻፉን ብቻ የሚጠይቅ ፈተና ታዲያ ተማሪው የወደቀው ማንበብ አቅቶት ይሁን ቅንፍ ረስቶ ለይቶ ሊያሳየን አይችልም።