አዲሱን ስልክ በራሳችን እንክፈት

ዱሮ ፊደል ሳንቆጥር ወረቀት ሲመጣልን አውራ ጣታችንን ቀለም አስነክተን እንፈርም ነበር። ወረቀቱ ምን እንደሚል የሚያውቀው ጸሐፊው ነው። እኛ የምናውቀው ዕዳው ሲመጣ ነበር። አሁን ግን ማንበብ እንችላለን። ታዲያ አዲስ ስማርት ስልክ ገዝተን «እንካ፣ አንተው ክፈትልኝ» ብለን ለሰው ብንሰጥ፣ ሳናነብም «እሺ» የሚለውን በጣታችን ብንነካ፣ ከዱሮው የጣት ፊርማ በምን ይለያል?

ብዙዎቻችን ከደባርቅ፣ ከዳባት ወይም ከአምባ ጊዮርጊስ ጎንደር ከተማ ወርደን ስልክ እንገዛለን። እንደ ገዛን ወደ መኪና አንሩጥ። እዚያው ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብለን፣ ሻጩ እያየን፣ ራሳችን እንክፈተው።

በመጀመሪያ በመታወቂያችን ያወጣነውን ሲም ካርድ እናስገባለን። የሲም ካርዱ አንድ ማዕዘን የተቆረጠ ነው። የስልኩ መሳቢያም እንዲሁ አንድ ማዕዘኑ የተቆረጠ ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ ካርዱ በትክክል ገብቷል። ካልገጠመ በጉልበት አንግፋው።

ስልኩ ሲበራ አስቀድሞ የሚጠይቀን ቋንቋ ነው። የብዙ አገር ቋንቋ ስም ተደርድሮ ይመጣል። እያንዳንዱ በራሱ ፊደል ተጽፏል። ወደ ላይና ወደ ታች እየገፋን ስንፈልግ በእኛ ፊደል «አማርኛ» የሚል ካገኘን እሱን እንንካ። ከዚያ በኋላ ስልኩ የሚነግረንን አብዛኛውን ነገር ማንበብ እንችላለን።

ቀጥሎ አካውንት ይጠይቃል። አካውንት ማለት የስልኩ ባለቤት የሚታወቅበት ስምና የይለፍ ቃል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንድ ወጣት ሊረዳን ብሎ በራሱ አካውንት ይከፍትልናል። ለጊዜው ስልኩ ይሠራል። አንድ ቀን ስልኩ ተበላሽቶ እንደ አዲስ ቢከፈት ግን የዚያን ወጣት የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ወጣቱ ከሌለ፣ በገዛ ገንዘባችን የገዛነው ስልክ ተዘግቶብን ይቀራል። ስለዚህ አካውንቱ በራሳችን ስም ይውጣ። የይለፍ ቃሉን በደብተር ጽፈን ቤት እናስቀምጥ። አካውንቱን ዛሬ ማውጣት ካልፈለግን «ዝለል» የሚለውን ነክተን ማለፍ ይቻላል። ለመደወልና መልእክት ለመላክ አካውንት አያስፈልግም።

ከዚያ የስልኩን መቆለፊያ ቁጥር እናበጃለን። 1234 ወይም የተወለድንበት ዓመት አይሁን። ሌባ መጀመሪያ የሚሞክረው እነዚህን ነው።

ከሱቁ ሳንወጣ አንድ ነገር ይቀራል። እንደ መደወል አድርገን ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ብንነካ 15 አኃዝ ያለው ቁጥር ይመጣል። የስልኩ መለያ ቁጥር ይባላል። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ሁለት ቁጥር ያሳያል። ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ እናስተያየው። ካልገጠመ ካርቶኑ የሌላ ስልክ ነውና ሻጩን እንጠይቅ። ደረሰኝም እንቀበል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ወር ተጀመረ። በስልክ ገንዘብ መላክና መቀበል የሚያስችል የኢትዮ ቴሌኮም አገልግሎት ነው። ኢንተርኔት ባይኖርም ኮከብ 127 መሰላል ብለን እንጠቀምበታለን። ይህን ማወቅ ይጠቅማል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት መቆየቱን እናስታውሳለን።

ለምሳሌ በግ ገበያ አውጥተን ሸጥን እንበል። ገዢው «በቴሌብር ልኬልሃለሁ፣ ይኸው» ብሎ የራሱን ስልክ ያሳየናል። የእሱን ስልክ አይተን በጉን አንልቀቅ። የራሳችንን ስልክ እንክፈት። መልእክት መጣ ብለንም ብቻ አንመን፤ የሐሰት መልእክት የሚልኩ አሉና። ኮከብ 127 መሰላል ብለን ቀሪ ሒሳባችንን እንይ። ገንዘቡ ከገባ በጉ የእሱ ነው። ካልገባ በጉ የእኛ ነው።

ሌላም አለ። የማናውቀው ሰው ደውሎ «ዕጣ ወጥቶልዎታል፣ የምስጢር ቁጥርዎን ይንገሩኝ» ይላል። ወይም «በስልክዎ የገባውን ቁጥር ያንብቡልኝ» ይላል። የምስጢር ቁጥር የጎተራችን በር ነው። ገንዘብ ሊሰጠን የሚፈልግ ሰው የእኛን የምስጢር ቁጥር አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ሊወስድ ለመጣ ብቻ ነው። ስልኩን እንዝጋበት።

በመጨረሻም ስለ ስልኩ አያያዝ። ደጋችን ብርድ ነው። ባትሪ ደግሞ ብርድ ሲያገኘው ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ ስልኩን ከጋቢያችን ሥር ደረታችን አጠገብ እንያዘው። ይሙቅ ብለን ግን እሳት ዳር አናስቀምጠው፤ ባትሪው ሊያብጥና ሊነድ ይችላል።

ያልገባንን መጠየቅ ነውር አይደለም። ተማሪው ልጃችን ያሳየን፣ ጎረቤታችንም ያስረዳን። ስልኩ ግን ከእጃችን አይውጣ። እነሱ ይንገሩን፤ እኛ እናንብብ፤ የምንነካውም እኛው እንሁን።